የክላክሱ ጨረታ

ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ሞተር» የሚለው ሰው ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ ሲወጣ፣ አውቶቡሱን ይዞ ወደ ቤት መግባት አልተፈቀደለትም። ስለዚህ በቁርጥራጭ አመጣው። ሰርቆ አይደለም፤ መሥሪያ ቤቱ አሮጌዎቹን መኪኖች እየፈታ ሲጥል ጋራዡ በር ላይ ይቆምና «ይቺን ልውሰዳት?» ይላል፤ «ገላገልከን፣ ውሰዳት» ይሉታል። እንዲህ እንዲህ እያለ ከመኝታ ቤታቸው ቀጥላ ያለችው ትርፍ ክፍል ጎማ ብቻ የቀራት አውቶቡስ ሆነች። መሪው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ሁለት የተሳፋሪ ወንበሮች መስኮቱን ጋርደው ቆመዋል። ስፖኪዮው፣ የበሩ እጀታ፣ የዝናብ መጥረጊያው፣ «ሹፌሩን ማነጋገር ክልክል ነው» የሚለው ሰሌዳ ሳይቀር አለ። ከሁሉ በላይ ግን ጠረጴዛው መሀል፣ ጨርቅ ለብሶ፣ ክላክሱ ተቀምጧል፤ ሦስት የነሐስ አፎች ያሉት፣ በአየር የሚሠራ፣ በዘመኑ ከተማውን ሁሉ ከመንገድ ያስነሣ ክላክስ።

ሚስቱ መምህርት ናት፤ ሰፈሩም እንዲሁ «መምህርት» ነው የሚላት። ሒሳብ ስታስተምር ኖራ እሷም በተራዋ ጡረታ ወጣች። ቤት መዋል ስትጀምር ግን ግድግዳው ጠበባት። ጎረቤቶች ልጆቻቸውን እንድታስጠናላቸው ሲለምኗት ደግሞ ልቧ ወደዚያች ክፍል ሄደ። አንድ ቀን ጠዋት ቁርስ ላይ እንደ ዋዛ አድርጋ ጀመረችው።

«ያቺን ክፍል ፈልጌያት ነበር።»

«ለምን?»

«ለማስጠኛ።»

ጋሽ ሞተር ሻዩን አስቀመጠ። «እሺ፣ አውቶቡሱስ?»

«አውቶቡሱ የመጨረሻ ፌርማታው ደርሷል። ሰው ይውረድ።»

ለመናት፣ አልሰማችም። አኮረፈ፣ አላየችም። «ወንበሮቹን ለተማሪ እናደርጋቸው» ብሎ ሊደራደርም ሞከረ፤ ተማሪ ወደ መስኮት ዞሮ ፌርማታ እየጠበቀ አይማርም አለችው። በመጨረሻ እጁን ሰጠ። ለቁራሌ ግን ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልሸጥም አለ። «በኪሎ የሚመዘን ነገር አይደለም ይሄ!»

መላውን ያመጣችው ግድግዳ የምትጋራቸው ጎረቤት፣ ፀጉር ሠሪዋ ናት። አሮጌ የፀጉር ማድረቂያ ካስኳን በስልክ ጨረታ ሸጣ፣ ለሰው ሁሉ ስታወራ ነበር የከረመችው።

«ማን ይገዛኛል ብዬ ነበር፤ ሁለት ሴቶች ተናጠቁት እኮ ጋሼ! ፎቶውን ያነሣሉ፣ መነሻ ዋጋ ያስቀምጣሉ፣ ከዚያ ሰው በሰው ላይ እየጨመረ ይፎካከራል። ቀኑ ሲያልቅ የበለጠው ይወስዳል። እርስዎ ቁጭ ብለው ሻይዎን መጠጣት ነው።»

ወዲያው ስልኩን ተቀብላ አፑን ጫነችለት። «ገበያው ውስጥ የሚጠሩበት ስም ይፈልጋል» አለችው። «ሌላ ስም የለኝም፣ ጋሽ ሞተር በይው» አላት።

መምህርት ከስፖኪዮው ወይም ከመጥረጊያው ይጀምራል ብላ ነበር። እሱ ግን በቀጥታ ሄዶ የክላክሱን ጨርቅ ገለጠ። «የሚያመው ጥርስ መጀመሪያ ይነቀል» አለ፤ «ከዚያ በኋላ ያለው ይቀለኛል።» ነሐሱን ፊት እስኪያሳይ ወለወለና የአበባ አንሶላ ላይ አስተኝቶ ፎቶ አነሣው። ፎቶው ሲወጣ በሦስቱም የክላክሱ አፎች ውስጥ እሱ ራሱ፣ በካናቴራ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ምላሱን አውጥቶ ቁጭ ብሏል።

«ሦስት ቦታ ታየህ እኮ» አለችው መምህርት።

«ይሁን። የሚገዛው ሰው ከማን እንደገዛ ይወቅ።»

መግለጫ ጻፍ ሲባል ደግሞ «ክላክስ። ይጮሃል።» ብሎ ጨረሰ።

«ይሄ ምን መግለጫ ነው? ዘርዘር አድርገው እንጂ!»

ይህን ባላለችው ኖሮ! አንዴ ከጀመረ ማን ያቁመው፤ እስከ ምሳ ድረስ የክላክሱን የሕይወት ታሪክ ሲጽፍ ዋለ። «ይህ ክላክስ በሥራ ዘመኑ አንድም ሰው አላስገጨም። በሬ፣ ባለሥልጣን፣ ሙሽራ፣ ሁሉንም ሳያዳላ ከመንገድ አስነሥቷል። ተቆጥቶ እንጂ ተሳድቦ አያውቅም። ከትንሽ የአየር ጋኑና ከባትሪው ጋር ስለሚሸጥ ቤት ውስጥም ይሠራል፤ ነገር ግን ቤት ውስጥ ባይሠራ ይመረጣል።» መምህርት ነጥብና ሰረዙን አስተካከለችለት። ጨረታው ተለቀቀ፤ የሚዘጋውም በመጪው እሑድ ከሰዓት ሆነ።

መጀመሪያ የመጡት ጠያቂዎች ናቸው። አንዱ «የመጨረሻ ዋጋ?» ብሎ ጻፈ። ጋሽ ሞተር «ጨረታ ነው እኮ፣ የመጨረሻውን እኔ በምን አውቃለሁ?» ብሎ መለሰለት። ሰውዬው «እሺ፣ ግን የመጨረሻ?» አለ። ሌላው በጫማ ይለወጥ እንደሆነ ጠየቀ። አንዷ ደግሞ አንሶላውን ከየት እንደገዙት ማወቅ ፈልጋ ነበር። ዋጋ የሚሰጥ ግን ጠፋ። አንድም ሰው።

ጋሽ ሞተር ስልኩን እንደ ታማሚ ትኩሳት በየደቂቃው ይዳስሰው ጀመር። ጠዋት ተነሥቶ ያያል፣ ጫማውን ሳያስር ያያል፣ ጉርሻ አፉ አድርሶ ያያል። ከዚያ ጉርሻውን መልሶ ሳህኑ ላይ ያስቀምጠዋል። «ኔትወርክ ይሆናል» ይላል። ፀጉር ሠሪዋ ኔትወርኩ ደህና መሆኑን በግድግዳው በኩል ጮኻ ነገረችው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መምህርት ወደ ክፍሏ ብቅ ስትል፣ ከተሳፋሪ ወንበሮቹ በአንደኛው ላይ ተቀምጦ ክላክሱን ጉልበቱ ላይ አድርጎታል።

«ሰው ረስቶታል» አላት። «ያን ሁሉ ዓመት ስንነዳው... ማንም አላስታወሰውም።»

አንጀቷን በላው። ያንን ክፍል ልቀቅ ያለችው እሷ ናት። ወጥ ቤት ገባች፣ በሩን ዘጋች፣ ስልኳን አወጣችና ያን አፕ ራሷ ጫነች። ስም ሲጠይቃት ትንሽ አሰበችና «ቆራጥ» ብላ ጻፈች። ከመነሻው ትንሽ ከፍ አድርጋ አንድ ዋጋ ሰጠች። ሐሳቧ ቀላል ነበር፦ አንድ ሰው ሲያነሣው ሌላው ዓይኑን ይከፍታል፤ ሌላው ሲጨምር እሷ ቀስ ብላ ትወጣለች።

ከዚያኛው ክፍል የጋሽ ሞተር ጩኸት ተሰማ። «መጣ! መጣ! ሰው መጣ!»

እየሮጠ ወጥ ቤት ሲደርስ ስልኳን ድስት ውስጥ ከተተችው። ባዶ ድስት ነበር፣ ተመስገን። «ቆራጥ ይባላል» አለ ስልኩን እያወዛወዘ። «ስሙን አየሽው? ቆራጥ! አንድ ሰው አይጠፋም ብዬሽ አልነበር?» ያን ቀን እራቱን ሁለት ጊዜ በላ።

እንዳሰበችውም ሌላ ተጫራች መጣ። ራሱን «ነጎድጓድ» ብሎ የሚጠራ ሰው በእሷ ዋጋ ላይ ጨመረ። መምህርት እፎይ አለች። እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ይህ ታሪክም አይኖርም ነበር። ነጎድጓድ ግን ዋጋውን ሰጥቶ ዝም አላለም፤ ከሥሩ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ቆራጥ ለምትባለው ሰውዬ፦ የማያውቁት ዕቃ ውስጥ አይገባም። ክላክሱ በየትኛው በኩል እንደሚጮህ እንኳ የምታውቅ አይመስለኝም።»

መምህርት አነበበችው። መነጽሯን አውልቃ ጠርጋ እንደገና አነበበችው። እሷ ዕድሜ ልኳን ክፍል ስታስተምር ከኋላ ወንበር የተወረወረ ቃል መልስ ሳያገኝ አልፎ አያውቅም። ዋጋውን ጨመረችና ከሥሩ «ስምህ ትልቅ፣ ጭማሪህ ትንሽ» ብላ ጻፈች።

እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል። ነጎድጓድ ጨመረ፤ ቆራጥ ጨመረች። ነጎድጓድ «ደመወዝ እስኪወጣ ጠብቅ ወንድሜ» አለ፤ ቆራጥ «አንተ የጠበቅከው አልበቃህም?» አለች። ዋጋው ለማስጠኛው ልትገዛው ያሰበችውን ሰሌዳ አለፈ። የተማሪዎቹን ወንበሮች አለፈ። የሚያፈሰውን ጣሪያ ለማሠራት ያስቀመጠችውን ነካ። እንዲህ ያለ ስሌት ተማሪ ቢያመጣላት በቀይ አስምራ ወላጅ ታስጠራ ነበር። ሌሊት ተኝታ «ነገ እወጣለሁ» ትላለች፤ ሲነጋ ነጎድጓድ ሌላ ነገር ጽፎ ይጠብቃታል።

ይባስ ብሎ ጋሽ ሞተር የሁለቱን ምልልስ እያንዳንዷን ቃል ጮክ ብሎ ያነብላታል። እሷም እንደ አዲስ መስማት አለባት።

«ስሚ፣ ስሚ! ‹አንተ የጠበቅከው አልበቃህም?› አለው! ወይ ቆራጥ! ይሄ ሰው ሹፌር መሆን አለበት። መሪ ያልጨበጠ እጅ እንዲህ አይጽፍም።»

«ሴት ብትሆንስ?» አለችው ሽንኩርቷን እየከተፈች።

«ኧረ ተይኝ! ሴት ለክላክስ እንዲህ ገንዘቧን ትበትናለች? ሴት እኮ አስተዋይ ናት።»

መምህርት ጣቷን ከተፈች።

እሑድ ከሰዓት ፀጉር ሠሪዋም መጥታ፣ ደንበኛዋን ቢጎዲን እንደጠቀለለች ትታ፣ ከጋሽ ሞተር ጎን ሶፋው ላይ ተሰየመች። ክላክሱ በአየር ተሞልቶ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብሏል። መምህርት ሆዴን አመመኝ ብላ መታጠቢያ ቤት ገብታ ቆለፈች። ነጎድጓድ እየመራ ነው። ልትተወው ወስና ነበር፤ እውነቷን ነው፣ ስልኩን ልትዘጋ ጣቷን ዘርግታ ነበር። በዚያች ቅጽበት ነጎድጓድ ጻፈ፦ «ደህና ሁን ቆራጥ። ለሚቀጥለው የብስክሌት ደወል ሞክር።»

በሩ ተንኳኳ። «ውጪ እንጂ! ሊዘጋ ነው፣ ያመልጥሻል!» አለ ጋሽ ሞተር።

«መጣሁ» አለች መምህርት፣ ጥርሷን ነክሳ። ዋጋውን ጨምራ ተጫነችው።

ወዲያው ቤቱ፣ ግቢው፣ መንገዱ፣ ሁሉም አብሮ ጮኸ። ጋሽ ሞተር ከደስታው ብዛት ክላክሱን ነፍቶት ነበር። ከማዶው ፎቅ አንድ የአበባ ማሰሮ ወደቀ፤ የፀጉር ሠሪዋ ደንበኛ ቢጎዲን እንደጠቀለለች አስፋልቱ ድረስ ሮጣ ወጣች። መምህርት ከመታጠቢያ ቤት ስትወጣ ባሏ እንባ ባቀረረ ዓይን እጁን ዘረጋላት። «ቆራጥ ወሰደው!» አላት። እሷም በቀስታ «ደስ ይላል» አለች።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው። ገንዘቡ ከእሷ ቁጠባ ወጣ፤ አፑ ኮሚሽኑን ቆረጠ፤ የቀረው ለጋሽ ሞተር ደረሰ። ጋሽ ሞተርም ባንክ ሄዶ አውጥቶ፣ በፖስታ አሽጎ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠላት። «ይኸው። ለማስጠኛሽ ሰሌዳ ግዢበት። እኔ ምንም አልፈልግም።» የገዛ ገንዘቧን፣ ያውም ተቆርሶ፣ አመስግና ተቀበለች። ያኔ ልትነግረው አፏ ድረስ መጥቶ ነበር። ግን ፊቱን ስታየው ቃሉ ተመልሶ ወረደ።

አሁን ዕቃው መላክ አለበት። ለቆራጥ አድራሻ ያስፈልጋል። መምህርት ሌላ ሰው ስላልመጣላት በአፑ የታናሽ እህቷን አድራሻ ሰጠች፤ እህቷ በከተማው ሌላኛው ጫፍ፣ መንገድ ዳር ባለ ቤቷ ልብስ የምትሰፋ ሴት ናት። ደወለችላት።

«አንድ ዕቃ በፖስታ ይመጣልሻል። ተቀብለሽ አልጋ ሥር አስገቢው። ምንም አትጠይቂኝ።»

«ምን ዓይነት ዕቃ?»

«ክላክስ።»

«የምን ክላክስ?»

«የአውቶቡስ።»

«እታለም፣ ደህና ነሽ ግን?» አለች እህቷ።

ቢሆንም ጋሽ ሞተር በፖስታ አልልክም አለ። «እንዲህ ላለ ሰው ዕቃ በፖስታ አይጣልም፣ በእጅ ይሰጣል። ደግሞስ ላየው አልፈልግም መሰለሽ?» አድራሻው የቅርብ ዘመድ ቤት መሆኑን አላወቀውም፤ እዚያ ሲሄድ ሁልጊዜ በዓይኑ እንጂ በቁጥር ሄዶ አያውቅም። መምህርት ራሴን አመመኝ አለች፣ መንገዱ ተቆፍሯል አለች፣ ዝናብ ይመጣል አለች። ጆሮ ዳባ ልበስ። ክላክሱን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ እንደ ሕፃን አቅፎ አውቶቡስ ተሳፈረ። እሷም ከጎኑ ተቀመጠች፤ እሱ ለቆራጥ የሚያደርገውን ንግግር ሲለማመድ እሷ የምትለውን ስትፈልግ፣ አውቶቡሱ እየቀረበ ሄደ። ሰፈሩ ሲደርሱ ጋሽ ሞተር «ይሄማ የእህትሽ መንደር ነው!» ብሎ ተደሰተ። በሩ ጋ ሲደርሱ አድራሻ የጻፈበትን ወረቀት አውጥቶ አንኳኳ። በሩ ተከፈተ።

«አንቺ ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?» አላት።

«ቤቴ ነው እኮ ጋሼ!»

ወረቀቱን አየ፣ የበሩን ቁጥር አየ፣ እሷን አየ። «ቆራጥ... አንቺ ነሽ?»

እህቷ ወደ ታላቅ እህቷ ዞረች። ታላቅ እህቷ ሰማዩን እያየች ነበር።

«እኔ ነኝ» አለች በመጨረሻ፣ ጥርስ እንደሚያስነቅል ሰው።

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽኝ? በነፃ እሰጥሽ አልነበር?»

«ዝምድና ገበያ ያበላሻል ብዬ ነዋ።»

«ምን ሊያደርግልሽ ፈለግሽው ግን?»

ምስኪን! ከጉሮሮዋ ፈልጋ ያገኘችው መልስ ይህ ነው፦ «የስፌት መኪናዬ ሲንጫጫ ደንበኛ በር ሲያንኳኳ አይሰማኝም። በእሱ ምክንያት ስንት ሥራ አመለጠኝ መሰለህ!»

ከዚህ የከፋ መልስ አልነበረም። የጋሽ ሞተር ፊት በራ። ኮቱን አወለቀ። «መፍቻ አለሽ?» አላት። ፀሐይ ሳትጠልቅ ክላክሱ ከበሩ በላይ ተሰቀለ፣ የአየር ጋኑ ከስፌት መኪናው ጎን ተቀመጠ፣ ግድግዳው ላይ ቀይ ቁልፍ ተተከለ። ጋሽ ሞተር ራሱ ወጥቶ ሞከረው። ከቤቱ ውስጥ የሆነ ነገር ተሰበረ። «አሁን የሚያመልጥሽ ደንበኛ የለም» ብሏት፣ እጁን ጠርጎ፣ ደስ ብሎት ሄደ።

እውነትም ደንበኛ ያላመለጣት ለአጭር ጊዜ ነበር። በማግሥቱ ልኬት ልትሰጥ የመጣች ሙሽራ ቁልፉን ነክታ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ውስጥ ያለችው እህት ከድንጋጤዋ የተነሣ መኪናውን ረግጣ የአንዱን ኮት እጅጌ ከኪሱ ጋር ሰፋችው። ጎረቤቶች በሰልፍ መጡ፤ ሰልፉም ሲደርስ ቁልፉን ነካ። ከዚያ የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ ሲያልፍ ሲያገድም እየነካው መሮጥ ጀመረ። ሳምንት ሳይሞላ እህቷ ኮቱን ክንዷ ላይ ጥላ መምህርት ቤት ከች አለች። ባልና ሚስት ክፍሏን እያጸዱ ነበር።

«እታለም፣ ወይ እሱ ይነቀል ወይ እኔ ልነቀል!»

«ምን ሆነ? አየሩ አነሰ?» አለ ጋሽ ሞተር።

«አየር ነው የምትለኝ ጋሼ? አየርማ የጠፋው ከእኔ ነው!» ኮቱን ወረወረችው። «እኔ ክላክስ አልገዛሁም! በሕይወቴ ክላክስ ተመኝቼ አላውቅም! ቆራጥ ይቺ ናት፣ ሚስትህ!»

ጋሽ ሞተር የቤት መጥረጊያውን ይዞ ቆመ። ወደ መምህርት ዞረ። ራሷን ነቀነቀች፤ አዎ።

ቀስ ብሎ ከወንበሮቹ በአንዱ ላይ ተቀመጠ። «ለካ የፈለገው ሰው አልነበረም» አለ። ድምፁ እንደ ተነፈሰ ጎማ ነበር። «አዝነሽልኝ ነው።»

«መጀመሪያ አዎ፣ አዝኜልህ ነው» አለች መምህርት፣ ከጎኑ እየተቀመጠች። «በኋላ ግን እልህ ነው። ያን ነጎድጓድ የሚባለውን አልፈጠርኩትም እኮ! ያ ሰው እውነተኛ ነው። እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ታግሎኛል። ባልገባበት ኖሮ በርካሽ እወጣ ነበር።»

ነገሩ ሲገባው ፊቱ ተለወጠ፤ ግን እሷ እንደጠበቀችው አልነበረም። ብድግ አለ።

«እንግዲያው እውነተኛ ገዢ ነበረኝ!»

«ነበረህ።»

«ከልቡ የፈለገው ሰው!»

«አዎ።»

«አንቺ አባረርሽብኝ!»

«ሰደበኝ!» አለች መምህርት፣ እሷም ብድግ ብላ። «የብስክሌት ደወል ሞክር አለኝ!»

«አንቺን አይደለም ያለው፣ ቆራጥን ነው!»

«ቆራጥ እኔ ነኝ!»

እህቷ መሀላቸው ቆማ ከአንዱ ወደ ሌላው ታያለች። ከዚያ በኋላ ማን እንደጀመረው አይታወቅም፤ ብቻ ሦስቱም እዚያው ሳቅ ሆኑ፣ ጋሽ ሞተር በመጥረጊያው እስኪደገፍ ድረስ።

ለነጎድጓድ የይቅርታ መልእክት የጻፈችው መምህርት ናት። ዳገት ሆነባት፤ ሦስት ጊዜ ጀምራ ሦስቱንም «ቢሆንም» በሚል ቃል ጨረሰችው። ጋሽ ሞተር ከኋላዋ ቆሞ «ቢሆንምን አውጪው» እያለ አስጨረሳት። ክላክሱ በደንቡ እንደገና ለጨረታ እንደሚወጣ ገለጹለት፤ የጋሽ ሞተርን ስልክ ቁጥርም ጻፉለት። ጥቂት ቆይቶ ስልኩ ጮኸ። ጋሽ ሞተር አነሣው፤ ምንም አይሰማም። ጆሮው ላይ ለጠፈው።

«ነጎድጓድ ነኝ» አለ አንድ ሰው፣ በሹክሹክታ።

«ማን?»

«ነጎድጓድ! ይቅርታ፣ ሥራ ላይ ነኝ። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስለሆንኩ ጮክ ማለት አይቻልም።»

ሰውዬው ሳምንቱን ሙሉ መጽሐፍ እየሰጠና «ፀጥታ!» እያለ ይውላል፤ በሳምንቱ መጨረሻ ደግሞ የአንድ የመንደር ኳስ ክለብ ደጋፊዎች መሪ ነው። ክላክሱን የፈለገው ጎል ሲገባ እንዲያስጮኸው ነበር። በሁለተኛው ጨረታ ዕለት እህቷ የመምህርትን ስልክ ነጥቃ ወስዳ የስፌት መኪናዋ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችበት። ሌላ ተጫራች አልመጣም። ነጎድጓድ በመነሻው ዋጋ ወሰደው።

«አየሽ?» አለ ጋሽ ሞተር፣ ቅር ብሎት። «ያለ ቆራጥ ገበያ የለም።»

ክላክሱን ስታዲየሙ ውስጥ የሚተክል ባለሙያ ስላስፈለገ ነጎድጓድ ባልና ሚስቱን ለጨዋታ ጋበዛቸው። ስታዲየም ይባላል እንጂ ሦስት ደረጃ የሲሚንቶ መቀመጫና አንድ አጥር ነው። ነጎድጓድ መነጽር ያደረገ ቀጭን ሰው ሆኖ ተገኘ፤ የመምህርትን እጅ በሁለት እጁ ጨብጦ «ሴት መሆንዎን ባውቅ ኖሮ...» ብሎ ጀመረ።

«ምን ታደርግ ነበር?» አለችው።

ትንሽ አሰበ። «ያው ነበር» አለ። ወደደችው።

የነጎድጓድ ትእዛዝ አንድ ብቻ ነው፦ ክላክሱ የሚነፋው የእኛ ልጆች ጎል ሲያገቡ ነው። ጋሽ ሞተር ቁልፉን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጠበቀ። ጠበቀ። ልጆቹ ኳሱን ወደ ሰማይ ይልካሉ፣ ወደ መንገድ ይልካሉ፣ ወደ ራሳቸው በረኛ ይልካሉ። ጎል የለም። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ደግሞ ዳኛው ለተጋጣሚው ፍፁም ቅጣት ምት ሰጠ። ደጋፊው ሁሉ ራሱን ያዘ። መቺው ወደ ኋላ ሄደ፣ ተንደረደረ። በዚያች ሰከንድ ከአጥሩ ሥር የሾለከች አንዲት ዶሮ በጎሉ ፊት ልትሻገር ገባች።

ጋሽ ሞተር ለኳሱ አላሰበም። ሰው ሙሉ ዕድሜውን መንገድ ላይ አሳልፎ እንስሳ ሲገባበት እጁ ብቻውን ነው የሚሄደው። ነፋው።

መቺው በአየር ላይ እንዳለ እግሩ ዞረ። ኳሱ መረቡንም አጥሩንም አልፎ ጎረቤት ጣሪያ ላይ አረፈ። ዶሮዋም ድና ወጣች። ሕዝቡ ፈነዳ። ጋሽ ሞተርን ከመቀመጫው አንሥተው ትከሻ ላይ አወጡት፤ የማያውቁት ሰዎች ግንባሩን ሳሙት፤ ነጎድጓድ ሳምንቱን ሙሉ ያጠራቀመውን ድምፅ ሁሉ እዚያው ጨረሰው።

ዳኛው ግን ፊሽካውን ነፍቶ ይደገም አለ። ተደገመ። ገባ። ያነሡት እጆች ያንኑ ያህል ፈጥነው መልሰው አወረዱት።

ክላክሱ ከዚያ ሜዳ በዳኛው ትእዛዝ ቢታገድም ነጎድጓድ አልተቆጨበትም፤ ለውጪ ጨዋታ ይሆነናል ብሎ ጠቅልሎ ወሰደው። ስፖኪዮውና የዝናብ መጥረጊያው በቀጣዮቹ ወራት አንድ በአንድ በጨረታ ሄዱ፤ ክፍሏም ተለቀለቀች፣ ተማሪዎችም ገቡ።

ያን ቀን ግን ባልና ሚስቱ በእግራቸው ነበር የተመለሱት። መንገድ ላይ ልጆች «አባባ ክላክስ!» እያሉ ይጠሩታል፤ እሱም ባርኔጣውን ያነሣል። ቤት ሲደርሱ ፀጉር ሠሪዋ በሯ ላይ ቆማ ነበር።

«እንዴት ነበር? ስንት ለስንት ወጣችሁ?»

«ተሸነፍን» አለ ጋሽ ሞተር፣ ፊቱ እንደ ሙሽራ እያበራ።

«ምን ተሸነፍን ትላለህ!» አለች መምህርት። እስከዚያ ቀን ድረስ ኳስ ክብ ከመሆኑ በስተቀር ስለ ጨዋታው የምታውቀው አልነበራትም። ቦርሳዋን ለባሏ አስያዘችና ወደ ፀጉር ሠሪዋ ተጠጋች። «ዳኛው ነው እንጂ! አንዴ የተመታ ኳስ በምን ሕግ ነው የሚደገመው? ቆይ፣ ላስረዳሽ...»

ጋሽ ሞተር በሩን ከፍቶ ገባ። ሻይ ጣደ፣ ፈላ፣ ቀዳ፣ ጠጣ። እሷ ገና እያስረዳች ነበር።